አንድ ፒክስል ስንት ሜትር ነው? ትንንሽ የአውሮፕላን ሥዕሎችን ከማጣቀሻ ምስል ስለ መሳል

ባለፈው ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን የመጀመሪያ ረቂቅ ሳቀርብ፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን አውሮፕላኖች ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ አንድ አጭር ጥያቄ አነሡ፦ «ፎቶግራፉን በሶፍትዌር ማሳነስ ሲቻል ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አጠፋህ?» ጥያቄው ተገቢ ነበር። የእኔ መልስ ግን ተገቢ አልነበረም፤ «በእጅ ሲሳል የበለጠ ያምራል» አልኩ። ውበት በጥናት መድረክ ላይ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ እንደማይቆም እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኩት። ይህ አጭር ጽሑፍ ያን ዕለት መስጠት የነበረብኝን መልስ የያዘ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፦ ከማጣቀሻ ምስል ተነሥቶ በጥቂት ፒክስሎች መሳል የልኬትና የፍርድ ሥራ ነው፤ ስለዚህም በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ እንደ ማስጌጫ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የጥናት ውጤት ሊመዘገብና ሊመረመር ይገባዋል።

የጥናቴ አንድ ክፍል ታዳጊ ተማሪዎች የአውሮፕላን ዓይነቶችን እንዲለዩ የሚያለማምድ ቀላል የኮምፒውተር ጨዋታ ማዘጋጀት ነበር። ለዚህም አራት አውሮፕላኖችን መረጥኩ፤ ዲሲ-3፣ ኪው 400፣ ቦይንግ 737-800 እና ቦይንግ 787-8። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዲሲ-3 ወታደራዊ ዝርያ በሆነው ሲ-47 ነው። ኪው 400 በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚታይ ነው። 787ን ደግሞ አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል። ተማሪው ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን በሰማይ ላይ አይቶ፣ ወይም ከአያቱ ስለ አንዱ ሰምቶ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የወሰንኩት መጠነ ልኬቱን ነው። አንድ ፒክስል አንድ ሜትር ይሁን አልኩ። የዲሲ-3 ርዝመት 19.7 ሜትር ስለሆነ 20 ፒክስል ይሆናል፤ ኪው 400 በ32.8 ሜትር 33፣ 737-800 በ39.5 ሜትር 40፣ 787-8 ደግሞ በ56.7 ሜትር 57 ፒክስል ይወስዳሉ። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከአካሉ ውፍረት ላይ ነው። የኪው 400 አካል ስፋት 2.7 ሜትር ገደማ፣ የ737 3.8 ሜትር ገደማ፣ የ787 ደግሞ 5.8 ሜትር ገደማ ነው። ፒክስል ግማሽ የለውምና ሦስት፣ አራትና ስድስት ሆኑ። ኪው 400 በዚህ ማጠጋጋት ከእውነተኛው ውፍረቱ 11 በመቶ ያህል ሲወፍር፣ 787 የጨመረው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ትንሹ አውሮፕላን ከትልቁ ይልቅ ተበድሏል ማለት ነው። ቀጭንነቱ ዋና መለያው የሆነውን አውሮፕላን ያወፈረው ራሱ ፍርግርጉ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሠዓሊው ጥፋቱን በሌላ ቦታ ለማካካስ ይገደዳል። እኔ የሆዱን የመጨረሻ ረድፍ በጥላ ቀለም አጨልሜ ውፍረቱ ለዓይን እንዲቀንስ አደረግሁ። ይህ ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን ያለ ልኬቱ ሊታሰብ የሚችል ውሳኔም አይደለም።

አሁን ወደ ገምጋሚው ጥያቄ እንመለስ። ሶፍትዌር ምስልን ሲያሳንስ በመሠረቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በየተወሰነ ርቀት አንድ ነጥብ እየመረጠ ሌላውን ይጥላል፤ ወይ በአንድ አካባቢ ያሉትን ነጥቦች ቀለም አማካይ ይወስዳል። ባይሊኒየር፣ ባይኪዩቢክና ላንክዞስ የሚባሉት የተለመዱ ስልቶች ለየትኛው ጎረቤት ነጥብ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ ይለያያሉ እንጂ፣ አንዳቸውም ክንፍን ከሰማይ ለይተው አያውቁም። በመጀመሪያው መንገድ ባሳነስኩት የኪው 400 ፎቶግራፍ ላይ ከሁለቱ ፕሮፔለሮች አንዱ ጠፍቶ ሌላው ቀረ። በሁለተኛው መንገድ ባሳነስኩት የ787 ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝነው ነገር በጅራቱ ላይ ደረሰ። በጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተጎራብተው ይገኛሉ። አረንጓዴና ቀይ በአንድ ፒክስል ውስጥ በአማካይ ሲደባለቁ የሚወጣው የደፈረሰ ቡናማ ነው፤ ቢጫው የነበረበት ቦታ ጭቃ መሰለ። ከሩቅ አይቶ አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው የሚያየው እነዚያኑ ሦስት ቀለማት ስለሆነ፣ አማካዩ በቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ዋናውን መረጃ አጠፋው።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ መድከም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በቀኝ እግር ላይ ያለችው አጭር ሰረዝ ከወገብ ላይ በመሆኗ ወይም ከእግር ሥር በመሆኗ ብቻ ነው። በትንሽ ፍርግርግ ላይ ፊደል ቀርጾ የሚያውቅ ሁሉ ያቺ ሰረዝ አንድ ፒክስል ብቻ ስትሆን የሚገጥመውን ጣጣ ያውቃል። አማካይ ብንወስድ ሁለቱም ፊደላት ቀኝ እግራቸው የደበዘዘ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ፊደል ቀራጩ ግን ሰረዟ ከእግሩ ስፋት ጋር ስትነጻጸር ከሚገባት በላይ እንድትጎላ ያደርጋል፤ በልኬት ይዋሻል፣ በንባብ ግን እውነቱን ይናገራል። የትንሽ አውሮፕላን ሠዓሊም የሚሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም።

በጣም ያደከመኝ የመስኮቶቹ ነገር ነበር። የ787 መስኮት ከሌሎች የመንገደኛ አውሮፕላኖች መስኮት ሰፋ ያለ መሆኑ ይነገርለታል፤ ቢሆንም ስፋቱ 27፣ ቁመቱ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእኔ መጠነ ልኬት ይህ የአንድ ፒክስል ሩብ በግማሽ ያህል ነው፤ በሌላ አነጋገር ሊሳል አይችልም። ፎቶግራፉ ላይ ግን መስኮቶቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ማንም ልጅ አውሮፕላን ሳል ቢባል ከክንፉ ቀጥሎ የሚስለው መስኮቱን ነው። በመጀመሪያው ረቂቄ አንዱን ፒክስል ጥቁር፣ ቀጣዩን ነጭ እያደረግሁ ረድፉን ሞላሁት። ሥዕሉን ራቅ ብዬ ሳየው አንድ የማልጠብቀው ነገር ሆነ፤ 787 አነሰ። ርዝመቱ 57 ፒክስል እንደ ነበር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መስኮት አንድ ሜትር ስለ ሆነ፣ ዓይን መስኮቱን መለኪያ አድርጎ አውሮፕላኑን ወደ አውቶቡስ መጠን አወረደው። ከዚህ የተረዳሁት መስኮት ከማስጌጥ ባሻገር የሰው ልክ መሆኑን ነው፤ ተመልካቹ አካሉን የሚለካው «በዚህ መስኮት የሚያይ ሰው ምን ያህል ነው?» እያለ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቦቹን አጥፍቼ፣ ከአካሉ ቀለም ጥቂት ብቻ የጠቆረ አንድ ያልተቋረጠ መስመር አስገባሁ። አንድም መስኮት የለውም፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ወደ መጠኑ ተመለሰ። በዲሲ-3 ላይ ግን ነጠብጣቦቹን ተውኳቸው። የእርሱ መስኮቶች ጥቂትና ከአካሉ ጋር ሲነጻጸሩ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ነጠብጣቡ አውሮፕላኑን አላሳነሰውም። አንድ ዓይነት ሕግ ለአራቱም ቢወጣ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ይበላሽ ነበር።

ከላይ ወደ ታች ለሚታየው ሥዕል ዋናው ነገር የክንፉ ማዘንበል ነው። ሰያፍ መስመር በፒክስል ሲሳል ደረጃ ይሆናል፤ የደረጃዎቹ ርዝመት እኩል ወይም በሥርዓት የሚፈራረቅ ከሆነ ዓይን ቀጥ ያለ መስመር ያያል፤ ከተዛባ ግን ጎርበጥባጣ ያያል። በሩብ ስፋታቸው መስመር ላይ ሲለካ የ737 ክንፍ 25 ዲግሪ ያህል፣ የ787 ደግሞ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሒሳቡን ለማሽን ሰጥተን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው የብሬዘንሃም ስልት 32 ዲግሪን ብንስል፣ ደረጃዎቹ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ እያሉ ይሄዳሉ። ስልቱ አልተሳሳተም፤ ከዚያ የቀረበ መስመር በፍርግርጉ ላይ የለም። ነገር ግን ሁለት ሁለት የተከታተሉበት ቦታ ላይ ክንፉ የተጎዳ ይመስላል። በእጅ ስስለው ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ እያልኩ አፈራረቅሁት፤ ይህ 33.7 ዲግሪ ይሰጣል። ከአካሉ እስከ ክንፉ ጫፍ ባለው 27 ፒክስል ርቀት ላይ የተፈጠረው ስሕተት አንድ ፒክስል ያህል ነው። 737ን ደግሞ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያልኩ ሳልኩት፤ 26.6 ዲግሪ ሆነ፣ ስሕተቱም ግማሽ ፒክስል ያህል። አሁን ሁለቱን አስተያዩ፤ በእውነተኞቹ አውሮፕላኖች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዲግሪ ነው፤ በሥዕሎቹ መካከል ያለውም 7 ዲግሪ ያህል ነው። ሁለቱንም በጥቂቱ በማሳሳት በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ጠበቅሁት። ለመለየት ልምምድ የሚያስፈልገው ደግሞ ልዩነቱ ነው። የዲሲ-3 ክንፍ በፊት ጠርዙ ብቻ ስለሚያዘነብል በአራት በአራት ደረጃ ተሳለ፤ የኋላ ጠርዙ ቀጥ እንዳለ ቀረ። የኪው 400 ክንፍ ማዘንበሉ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ደረጃ እንኳ አልፈለገም።

ስለ ማጣቀሻ ምስሎቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፍ እውነትን ያሳያል የሚለው እምነት በዚህ ሥራ ላይ ቶሎ ይፈርሳልና። በፈጣን መክፈቻ የተነሣ የኪው 400 ፎቶግራፍ የፕሮፔለሩን ስድስት ምላሶች አንድ በአንድ ቆጥረን እንድናይ ያደርገናል፤ አውሮፕላኑን በዓይኑ ያየ ሰው ግን የሚያየው የሚያሳልፍ ክብ ጥላ ነው። የ787 ክንፍ በበረራ ላይ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ መሬት ላይ ቆሞ ሲታይ ያ ቅልበሳ የለም። አንዱን ፎቶግራፍ ለአፍንጫው፣ ሌላውን ለክንፉ የወሰደ ሠዓሊ በዓለም ላይ የሌለ አውሮፕላን ይስላል። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። የዲሲ-3ን የጎን ሥዕል በጡረታ ላይ ለሚገኙ አንድ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ጎረቤታችን ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና «ልጄ፣ ይህች ቆማለች ወይስ እየበረረች ነው?» አሉኝ። ጎማዎቹን መሬት ላይ ከቆመ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ወስጄ፣ አካሉን ግን በአየር ላይ ካለ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ወስጄ ነበር። ዲሲ-3 የኋላ ጎማ ያለው ስለሆነ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ጅራቱም ዝቅ ይላል። የእኔው ግን ጎማውን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ልትነሣ ስትሮጥ፣ ጅራቷ ብድግ ባለ ጊዜ ብቻ ነው እንዲህ የምትሆነው» አሉ። በገምጋሚዎቹ ፊት ይህን ስሕተት ያየ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የማጣቀሻ ምንጮቼን ለሁለት ከፈልኳቸው። ለልክና ለቅርጽ አምራቾቹ ለአውሮፕላን ማረፊያ ዕቅድ ሥራ የሚያወጧቸውን ከጎን፣ ከፊትና ከላይ የተሳሉ ባለ ልክ ንድፎች ተጠቀምኩ፤ ቦይንግም ኤርባስም እነዚህን ሰነዶች ለማንም ክፍት አድርገዋል። ፎቶግራፎቹን ደግሞ ለብርሃን፣ ለቀለምና ለአቋም ብቻ ተጠቀምኩባቸው። ንድፉ ርቀት የሚያመጣውን መዛባት አያውቅም፤ ፎቶግራፉ ደግሞ ሁልጊዜ ያንን መዛባት ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ከቅጂ መብት አንጻርም ንጹሕ ነው። ፎቶግራፍ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ሲሆን፣ የአንድ ክንፍ ርዝመት ግን የማንም ድርሰት አይደለም።

አውሮፕላንን በትንሽ ቅርጽ የማስተማሩ ሐሳብ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1941 በብሪታንያ መታተም የጀመረው ዘ ኤሮፕሌን ስፖተር የተባለው መጽሔት የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላኖች በጥቁር ጥላ ቅርጽ ከሦስት አቅጣጫ እያሳየ ያስተምር ነበር። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ተማሪዎች በት/ቤቶቻቸው 1 ለ72 በሆነ ልክ የእንጨት ሞዴሎችን ለመለያ ሥልጠና እንዲሠሩ ተደርጓል። በዚያ ዘመን ክንፍ፣ ሞተር፣ አካልና ጅራት እያሉ በየክፍሉ መለየትን የሚያስተምሩ ነበሩ፤ በተቃራኒው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሳሙኤል ሬንሾ ቅርጹን ለቅጽበት ብቻ በማሳየት ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማወቅን አሠልጥኗል። በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል የነበረው ክርክር ለትንሽ ሥዕል ሠሪ ዛሬም ሕያው ነው። በ1 ለ72 ልክ 787 የ79 ሴንቲ ሜትር ሞዴል ይሆናል፤ በእኔ ሥዕል ግን በተለመደ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ መጠን በየክፍሉ መለየት እስከ ተወሰነ ደረጃ ይሠራል፤ ከዚያ በታች የሬንሾ ሐሳብ ያሸንፋል ብዬ አምናለሁ። በ16 ፒክስል ያሳነስኩት ኪው 400 ሞተሩም መስኮቱም ጠፍቶ፣ ከላይ የተቀመጠው ክንፉና የ«T» ቅርጽ ያለው ጅራቱ ብቻ ሲቀሩ እንኳ ኪው 400 ነበር።

ለተቃራኒው ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባኛል። ማሽን ሁልጊዜ በጭፍን አማካይ ይወስዳል ማለት ዛሬ ትክክል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮፕፍና ባልደረቦቹ የምስሉን ይዘት እያየ ቅርጹን የሚያስተካክል የማሳነሻ ስልት አቅርበዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ገርስትነርና ባልደረቦቹ ፎቶግራፍን በጥቂት ቀለማት ወደ ፒክስል ሥዕል የሚቀይር ስልት አሳትመዋል፤ ውጤቱም ከተራ ማሳነስ በግልጽ ይበልጣል። ነገር ግን በዚህ በሁለተኛው ጥናት ውስጥ ተጠቃሚው በሒደቱ መካከል ገብቶ እንዲወስን ቦታ ተትቶለታል። ይህ ለእኔ ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ስልቱን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው የትኛው ነጥብ ትርጉም እንዳለው የሚያውቀው ተመልካቹ መሆኑን ተቀብለዋል። በቅርቡ የመጡትን ምስል ፈጣሪ ሞዴሎችም ሞክሬአለሁ። የሰጡኝ ከሩቅ የፒክስል ሥዕል የሚመስል፣ ሲጠጉት ግን ፒክስሎቹ እኩል ያልሆኑና ሞተሮቹ ቦታቸውን የሳቱ ሥዕል ነው። ወደፊት ይሻሻላሉ። ቢሻሻሉም ግን መስኮቱን ለምን እንደ ተዉት አይነግሩኝም፤ የምከራከረውም ስለዚሁ ነው።

በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ ምንጩ ይጠየቃል፤ ቃለ መጠይቅ መመሪያው ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ይቀርባል። ሥዕል ግን «ምንጭ፦ በተመራማሪው የተሳለ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በመጀመሪያው ረቂቄ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያቀርብ ተማሪ ከሥዕሉ ጋር አንድ አጭር መዝገብ እንዲያያይዝ ቢጠየቅ ጥሩ ነው እላለሁ። መዝገቡ አንድ ፒክስል ስንት ሜትር እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ምስል ምን እንደ ተወሰደ፣ ምን እንደ ተጋነነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን እንደ ተተወና ለምን እንደ ተተወ ይናገር። ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ይህ ካለ ገምጋሚው «ለምን በሶፍትዌር አላሳነስከውም?» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው ስለ ውበት አያወራም፤ ገጹን ገልጦ ያሳያል። ገምጋሚውም በበኩሉ ከ«ያምራል» ወይም «አያምርም» ወጥቶ፣ «የክንፉን ማዘንበል እዚህ ላይ ለምን አዛባኸው?» የሚል የሚከራከሩበት ጥያቄ ይኖረዋል።

መዝገብ መያዝ ጊዜ ይወስዳል የሚል ተቃውሞ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። የእኔን መዝገብ ያዘጋጀሁት ሥዕሎቹ ካለቁ በኋላ በመሆኑ ከትዝታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ፤ ሁለት ሦስት ውሳኔዎችን ለምን እንዳደረግኋቸው ፈጽሞ ላስታውስ አልቻልኩም። እነዚያን ፒክስሎች አጥፍቼ እንደገና ሳልኳቸው።

ዲሲ-3 አሁን ጅራቷ ዝቅ ብሏል። የመጨረሻው ግምገማ ከመድረሱ በፊት ሥዕሏን ለጎረቤታችን መልሼ ወስጄ ነበር፤ ጥቂት አይተው «አሁን ቆመች» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ። የቀረኝ የ787 አፍንጫ ነው። የ737 የፊት መስታወት ከአፍንጫው በላይ ግልጽ እርከን ስለሚሠራ አንድ ጥቁር ፒክስል በልኩ ተቀምጣለታለች፤ የ787 አፍንጫ ግን ሳይቆራረጥ ወደ ግንባሩ የሚፈስ በመሆኑ፣ ያችው ጥቁር ፒክስል ስትገባ ቅርጹን ትሰብረዋለች፣ ስትወጣ ደግሞ አውሮፕላኑ ዕውር ይመስላል። ለጊዜው ግራጫ አድርጌአታለሁ፤ በመዝገቡም ላይ «ያልተወሰነ» ተብላ ተጽፋለች።